ከቤታችን የሚወጣው ጥራጊ ወዴት ይሄዳል?

ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገባ ነገር አለ፤ ከእያንዳንዱ ቤት የሚወጣም ነገር አለ። የሚገባውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እህሉ በቁና ይሰፈራል፥ ዘይቱና ጨው በገንዘብ ይገዛል፥ እንጨቱና ውኃው በጀርባ ታዝሎ ይመጣል። የሚወጣውን ግን የሚሰፍረውም የሚቈጥረውም የለም። ጥራጊው ተጠርጎ፥ አመዱ ታፍሶ፥ ትራፊው ተለቅሞ ከደጅ ሲወጣ «ተጣለ» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ተጣለ ማለት ከዓይናችን ራቀ ማለት ነው እንጂ ከምድር ላይ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዱ ወደ አፈር ይመለሳል፤ አንዱ በጎርፍ ተወስዶ ወንዝ ይገባል፤ አንዱም ጢስ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ከእነዚህ ከሦስቱ መንገዶች በየትኛው እንደሚሄድ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የቤቱ ሰው ነው።

ዛሬ ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ጽሑፍ ይህን ነገር የሚመለከት ነው። የአየር ጠባይ ለውጥ ሲባል ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎችና ስለ ሩቅ አገሮች ብቻ የሚነገር መስሎ ስለሚታየን፥ ከምድጃችንና ከጓሮአችን ጋር ያለውን ግንኙነት ሳናስተውለው እንቀራለን። ግንኙነቱን በግልጽ ለማሳየት እንዲረዳን አንድ የታወቀ አገር ይዘን እንናገራለን፤ እርሱም የዱርቤቴና በዙሪያዋ ያለው የጎጃም አገር ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ በመካከሉ ዱርቤቴን ያገኛል፤ እርስዋም የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ ከዚያ በዳንግላና በእንጅባራ አልፎ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር በበቆሎው፥ በዳጉሳውና በጤፉ የታወቀ ነው። አቸፈርን ከሜጫ የሚለየው ግልገል አባይ ሲሆን፥ ይህ ወንዝ በሰከላ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጣና ሐይቅ ይገባል።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ሩቅ ድረስ ነው። ከአንድ ጓሮ የታጠበ አፈርና ጥራጊ በክረምት ጎርፍ ከጅረት ወደ ወንዝ፥ ከወንዝም ወደ ሐይቅ ይደርሳል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ የተባለው አረም እንዲበረታ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ከየማሳውና ከየከተማው እየታጠበ የሚገባው የአፈር ለምነት ነው። በማሳው ላይ ቢቀር ኖሮ እህል ያበቅል የነበረው ነገር፥ ሐይቅ ገብቶ አረም ያበቅላል ማለት ነው። የከተማይቱም ስም ቃል በቃል ሲነበብ «ዱር ቤቴ» ይላል። ዱሩና ቤቱ አንድ አገር መሆናቸውን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

አየሩ ስለ ምን ሞቀ?

ምድር ከፀሐይ የምታገኘው ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ተመልሶ እንዳይሄድ እንደ ጋቢ የሚሸፍኗት የአየር ዓይነቶች አሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ከእንጨት፥ ከከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ ይወጣል፤ ሜቴን የሚባለው አየር ሳያገኝ ከሚበሰብስ ነገርና ከሚያመሰኳ ከብት ሆድ ይወጣል፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውም ይልቁንም ከማዳበሪያና ከፍግ የሚመጣ ነው። ጋቢው በልክ ሲሆን ሕይወት ነው፤ ያለ እርሱ ምድር በብርድ በደረቀች ነበር። ነገር ግን ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወዲህ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ከምድር ውስጥ እየወጣ ስለ ነደደ፥ ደንም ስለ ተመነጠረ፥ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ተደረበ።

ውጤቱም ተለክቶ ታውቋል። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የመላው ዓለም አማካይ ሙቀት የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ እንደ በለጠ የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል። በአገራችንም ከ1960 እስከ 2006 በዚያው አቆጣጠር አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ይህ ቍጥር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቍጥር በመቶ 7 ያህል የሚበልጥ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ባንድ ጊዜ በብዛት የመውረዱ ነገር ይበረታል፤ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ደግሞ መሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል። ዘሩን በግንቦትና በሰኔ መሬት ላይ የጣለ የበቆሎ ገበሬ ከዚህ የበለጠ የሚፈራው ነገር የለም። ብስባሽ የጠገበ አፈር እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛልና ሁለቱንም መከራ ይችላል፤ የተራቈተ አፈር ግን ዝናብ ሲበዛ ይታጠባል፥ ሲያንስም ይሰነጠቃል። ከቤታችን የሚወጣው ጥራጊ ወደ አፈር መመለሱ ወይም አለመመለሱ ቁም ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀድሞው ቤት ሥርዓት

ቀድሞ በጎጃም ባላገር ቤት ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ጠላ ተጠምቆ ሲጠለል አተላው ለከብት ይሰጣል። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራው አይብ ይወጣል፥ አጓቱም ለጥጃ ይሆናል። ከኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ ፋጉሎው የከብት መኖ ነው። የበቆሎው አገዳ ለመኖና ለአጥር፥ ቆረቆንዳውም ለማገዶ ይውላል። አመዱ ዕቃ ይታጠብበታል፥ የተረፈውም በጓሮ ጎመን ላይ ይበተናል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም ያለፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ተብሎ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የተሰበረ እንስራ እንኳ ገሉ ከጎረቤት ፍም ይወሰድበት ነበር። ዳቦው በኮባ ቅጠል ይጋገራል፥ ገበያም የሚወጣው በዘንቢልና በአገልግል ነው።

ይህን ስንል የቀድሞው ኑሮ ሁሉ ያማረ ነበር ማለታችን አይደለም። እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ለነበረች ልጅ የፕላስቲክ ጀሪካን መምጣቱ ሸክሟን አቅልሎላታል፤ ያንን ውለታ መካድ አይገባም። ጀሪካኑም ቢሆን ብዙ ዓመት ያገለግላል፥ ሲያረጅም ተቈርጦ መዛቂያ ይሆናል እንጂ በአንድ ቀን አይጣልም። ከቀድሞው ቤት የምንማረው ድኅነቱን አይደለም፤ ሥርዓቱን ነው። ሥርዓቱም እያንዳንዱ ነገር ሥራውን ሲጨርስ የሚሄድበት ሁለተኛ ስፍራ አስቀድሞ የተመደበለት መሆኑ ነው።

ይህን ሥርዓት ያፈረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የማይበሰብስ ዕቃ ወደ ቤታችን መግባቱ ነው፤ ሁለተኛውም ከተማ ሲስፋፋ ማድቤትና ማሳ መለያየታቸው ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

የማይበሰብሰው እንግዳ

ፌስታል የምንለው ስስ ከረጢት ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ነው። ከሱቅ እስከ ቤት ጥቂት ደቂቃ ካገለገለ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ግን ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ ነው። ኮባ ቢጣል በወራት ውስጥ አፈር ይሆናል፤ ፌስታል ቢጣል ይቀዳደዳል፥ ይደቅቃል እንጂ አፈር አይሆንም። ቦይ ውስጥ ሲገባ የጎርፉን መንገድ ይዘጋል፤ ማሳ ላይ ሲቀበር ውኃና ሥር እንዳይተላለፉ ያደርጋል፤ የጨው ወይም የምግብ ሽታ ስላለበትም ላም ትውጠዋለች፥ በሆዷም ተጠቅልሎ ይቀመጥና ያለ በሽታ በሽታ ይሆንባታል። ላም የቤተ ሰብ ሀብት በሆነችበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ብዙ ሰው ፌስታሉን ሰብስቦ በማቃጠል ደጁን ያጸዳ ይመስለዋል። ይህ ግን ከመሬት አንሥቶ ወደ ሳንባ ማዛወር ነው። ጢሱ መርዝነት ያለው ስለ ሆነ ይልቁንም በምድጃ ላይ ፌስታልን እንደ ማቀጣጠያ መጠቀም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች እጅግ አደገኛ ነው፤ ይህ ልማድ ባለበት ቤት ሁሉ ዛሬውኑ ሊቀር ይገባዋል። «እንደገና ይሠሩታል» ብሎ መጽናናትም ብዙ አያዋጣም፤ በመላው ዓለም ከሚጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ ዕቃ የሚሆነው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነውና።

የአገራችን ሕግም ስለዚሁ ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ከልካይነቱ ግን በገበያው ላይ እምብዛም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢት መሥራትን፥ ማስገባትን፥ መሸጥንና መጠቀምን በቅጣት ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሕግ የሚከለክለውን ያሳያል እንጂ በፈንታው የሚያዝበትን አይሰፋም። ዘንቢሉን መስፋት፥ የጨርቅ ከረጢቱን መጥቀም፥ ከቤት ሲወጡም ይዞ መውጣት የቤተ ሰብ ሥራ ነው። ስፌት ለሚያውቁ እናቶችና እኅቶች ደግሞ ይህ ዘመን የእጃቸው ሥራ ዋጋ የሚያገኝበት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ፌስታል ሲከለከል ዘንቢል ይፈለጋልና።

ማድቤትና ማሳ ሲለያዩ

በባላገር ቤት የድንች ልጣጭ ከማድቤት ወጥቶ ጓሮ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ይበቃዋል። በከተማ ግን ጓሮው ጠብቧል፤ ከብቱም የለም። ስለዚህ ልጣጩ፥ አተላው፥ አመዱና ፌስታሉ ባንድ ከረጢት ታጭቀው መንገድ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። በአገራችን ከቤት የሚወጣው ጥራጊ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ ቆሻሻ የሚያደርገው ከማይበሰብሰው ጋር መቀላቀሉ ነው። ለብቻው ቢሆን ማዳበሪያ ነበር፤ ከፌስታል ጋር ሲታሰር ግን አየር አጥቶ ይበሰብሳል፥ ሜቴንም ይሆናል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ይበረታል።

መቀላቀልና መከመር መጨረሻው ምን እንደሚሆን በዋና ከተማችን አይተነዋል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለአምሳ ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲከመር ኖሮ፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም አለቁ። በ2010 ዓ.ም. ቆሻሻውን እያቃጠለ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ ፋብሪካ እዚያው ተመርቋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፋብሪካ እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ ሊሠራው አይችልም። ዱርቤቴ፥ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የቆሼን ያህል ተራራ ገና አልከመሩም፤ የእነርሱ ዕድል ክምሩ ሳይነሣ መጀመር የሚችሉ መሆናቸው ነው።

መጀመሪያውም ቀላል ነው። በማድቤት ሁለት ማጠራቀሚያ ይኑር፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፥ ሌላው ለማይበሰብሰው። የሚበሰብሰው በጓሮ ጥላ ባለበት ስፍራ በተቈፈረ ጕድጓድ ይጨመር፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። በሥሩ ደረቅ አገዳና ጭድ፥ በላዩ ልጣጭና እርጥብ ቅጠል፥ ከዚያም ፍግ፥ ጥቂት አመድና አፈር እየተደረበ፥ እርጥበቱ እንዳይደርቅ ውኃ እየተርከፈከፈ፥ አየር እንዲያገኝም በየጊዜው እየተገላበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ሲቈይ ጥቁርና የአፈር ሽታ ያለው ብስባሽ ይሆናል። የገጠር የግብርና ሠራተኞች ኮምፖስት የሚሉት ይህ ነው። በአሲድ የተጐዳ ቀይ አፈር ባለበት አገር ከኖራው ጋር ብስባሽም ቢጨመርበት መሬቱ ይጠገናል።

ምድጃው ካልታረመ ፍጉ ወደ ማሳ አይመለስም

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ብስባሹ ፍግ ይፈልጋል፤ ፍጉ ግን በብዙ ቤት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ኩበት ሲነድድ በውስጡ ያለው የናይትሮጅን ለምነት ከጢሱ ጋር ይወጣል፤ ገበሬው የራሱን ማዳበሪያ አቃጥሎ የሌላውን ማዳበሪያ በውድ ዋጋ ይገዛል ማለት ነው። ነገር ግን ኩበት የምታነድድ እናት የምታነድደው አላዋቂ ሆና አይደለም፤ እንጨቱ ርቆባት ነው። እንጨቱ ሳይገኝላት «ኩበት አታንድጂ» ብሎ መምከር «እራት አታብስይ» ከማለት አይለይም። ስለዚህ የመድኃኒቱ ተራ መታወቅ አለበት። መጀመሪያ ምድጃው ይታረማል፤ ከዚያም ማገዶው ይገኛል፤ ፍጉም በመጨረሻው ወደ ማሳ ይመለሳል።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድድ እሳት አብዛኛውን ሙቀት ለንፋስ ይሰጣል። ምርጥ ምድጃ የሚባለውና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው የሲሚንቶ ምድጃ ግን እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከማገዶው እስከ ግማሹ ያተርፋል። ለከሰል የሚሆነው ላቀች የሚባለው ምድጃም እንዲሁ ከሰል ይቈጥባል። ትርፉም በማገዶ ብቻ አይቈጠርም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። በጢስ የቀላ የእናት ዓይንና የሚያስለው ሕፃን ለብዙ አንባብያን እንግዳ ነገር አይደለም።

ከአራት ያላነሰ ከብት ላለውና ውኃ ለሚቀርበው ቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ባዮጋዝ ነው። ፍጉ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ከምድር ውስጥ በተሠራ ጕድጓድ ይታመቃል፤ የሚወጣው ሜቴን ወደ አየር በመሄድ ፈንታ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይመጣል፤ የሚቀረው ዝቃጭም ማዳበሪያ ነው። አማራ ክልል በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊው የባዮጋዝ ሥራ ከተጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነበር። በዚህ ዘዴ አንዱ ፍግ ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ ማገዶም ማዳበሪያም ይሆናል።

እንጨትን በራስ መሬት ላይ ስለ ማልማትም ከዱርቤቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ምሳሌ አለ። በአዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ግራር በደከመ ማሳቸው ላይ ተክለው፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየቈረጡ ከሰል ያደርጉታል፤ መሬቱንም መልሰው እህል ይዘሩበታል። ዛፉ በሥሩ ናይትሮጅን ስለሚይዝ አፈሩ ያገግማል። የከሰል ሥራ በጢሱና በሚባክነው ሙቀት ጉድለት እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ቢሆንም የተከሉትን መቍረጥ ያልተከሉትን ደን ከመመንጠር እጅግ ይሻላል።

የሚጣል እህል

ከጥራጊ ሁሉ የከፋው እህል ሆኖ ሳይበላ የሚጣለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በቈጠረው መሠረት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህም ከመቶ 60 ያህሉ የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ምግብ ሲጣል የታረሰበት በሬ፥ የተገዛበት ማዳበሪያ፥ የተፈጨበት ኃይልና የተጋገረበት ማገዶ አብረው ይጣላሉ።

በእኛ አገር ባላገር ቤት እህሉ የሚጠፋው ከገበታ ላይ ሳይሆን ከጎተራ ውስጥ ነው። በቆሎ ሳይደርቅ ከገባ ይሻግታል፤ ደርቆም ቢገባ ነቀዝ ያገኘዋል። ስለዚህ አጥብቆ ማድረቅ፥ ጎተራውን ከአሮጌው እህል ማጽዳት፥ ከምድር ከፍ አድርጎ መሥራት የቈየ ጥበብ ነው። ዛሬ ደግሞ ፒክስ የሚባል ሦስት ድርብ ያለው ከረጢት በሥራ ላይ ውሏል፤ አፉ በሚገባ ሲታሰር በውስጡ ያለው አየር ያልቅና ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ይህም ከረጢት ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል፥ እህልንም ያድናል። ጠላታችን ፕላስቲክ የሚባለው ስም ሳይሆን ለጥቂት ደቂቃ ተሠርቶ ለዘመናት የሚቀረው ብክነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ድግስና ማኅበር

በከተማም ሆነ በገጠር እህል በብዛት የሚባክንበት ሌላው ጊዜ ድግስ ነው። በሠርግ፥ በክርስትናና በተዝካር «አነሰ እንዳይባል» ተብሎ የሚደገሰው እንጀራና ወጥ ከእንግዳው ቍጥር ይበልጥና በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ጾም ሲፈታም ለአንድ ቀን የተገዛው ሥጋ ለአንድ ቀን ሆድ አይመጠንም። በወንጌል እንደ ተነገረው አምስት ሺህ ሰው ጠግቦ ከበላ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ ተለቅሞ 12 መሶብ ሞልቷል፤ በተአምር የበዛ እንጀራ እንኳ እንዲባክን አልተተወም። ስለዚህ ደጋሹ እንግዳውን ቈጥሮ ቢደግስ፥ የተረፈውንም በዚያው ምሽት ለነዳያንና ለጎረቤት ቢያካፍል ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም።

የድግሱ ዕቃስ? አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት የሚጣለው የፕላስቲክ ኩባያና የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ከቅርብ ዘመን ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ዕድሮቻችን ግን ድስቱን፥ ሳሕኑን፥ ብርጭቆውንና ድንኳኑን በጋራ ገዝተው ለአባላቸው ሁሉ በየተራ ሲያውሱ ኖረዋል። አንድ ዕቃ ለመቶ ቤት እንዲያገለግል ማድረግ የተጀመረው በሌላ አገር አይደለም፤ በራሳችን መንደር ነው። ብርጭቆውን ማጠብ ሥራ እንዳለው እናውቃለን፤ ሥራው ለሴቶች ብቻ እንዳይተው ወጣቶች ወንዶችም እጃቸውን ቢያስገቡበት ፍትሕ ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም በዚህ ረገድ የራሱ ነገር አለው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቀድሞው ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ ጥዱ፥ ወይራውና ዝግባው የቀሩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ የመረመሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት፥ እነዚህ ደኖች ለወፉ፥ ለንቡና ለምንጩ የመጨረሻ መጠጊያ ናቸው። አባቶቻችን በፈቃዳቸው መጥረቢያ ከመሰንዘር ተከልክለው ያቈዩትን ደን፥ እኛ በንግሥ ቀን የሻማ መጠቅለያና የውኃ ጠርሙስ ብንበትንበት ምን ዓይነት ወራሾች እንባላለን? እያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት በዓሉ ባለፈ ማግስት ቅጥሩን ቢለቅም፥ ይልቁንም ምእመኑ ውኃውን በየራሱ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ቢያስተምር መልካም ነው።

በደሉ የማን ነው?

አንዳንድ አንባቢ «አየሩን ያሞቁት ፋብሪካ ያላቸው ሀብታም አገሮች ናቸው፤ የዱርቤቴ ባልቴት ስለ ልጣጯ ስለ ምን ትጠየቃለች?» ሊል ይችላል። ጥያቄው እውነት አለበት። የአገራችን ሕዝብ ከዓለም ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በነፍስ ወከፍ ወደ አየር የሚሰደው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዕዳውም በትክክል ቢከፈል የሚበዛው በሌሎች ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር። አንዲት እናት ፌስታል ስለ ተወች የዓለም ሙቀት አይበርድም፤ እንዲህ ብለን ብንጽፍ አንባብያንን ማታለል ይሆንብናል።

ነገር ግን ከላይ የዘረዘርነው ሥራ ጥቅሙ የሚገኘው ከሩቅ አይደለም። በምርጥ ምድጃ የተጋገረ እንጀራ ጢሱ የሚቀለው ለዚያችው እናት ነው፤ በብስባሽ የደለበ ጓሮ ድርቁን የሚችለው ለዚያው ቤት ነው፤ ከነቀዝ የተረፈ በቆሎ የሚበላው በዚያው ገበታ ነው፤ ፌስታል ያልዋጠች ላም ወተቷን የምትሰጠው ለዚያው ሕፃን ነው። በደሉ የሌላ ቢሆንም ክረምቱ የሚዘገየው በእኛ ማሳ ላይ ነውና፥ የበደለኛውን ፍርድ እየጠየቅን ቤታችንን ማደርጀት ሁለት የማይጣሉ ሥራዎች ናቸው። ደግሞም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ አንድ ቤት ብቻውን ሲሠራው የሚከብደው ነገር መንደሩ ሲሠራው ልማድ ይሆናል።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ ከሁሉ አስቀድሞ ልንመልሰው የሚገባን ያንን የቀድሞውን ሥርዓት ነው። በዚህ ወር ውስጥ አባወራውና እመቤቲቱ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ከቤታቸው የሚወጣውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይቍጠሩት፤ ለእያንዳንዱም የሚሄድበትን ስፍራ ይመድቡለት። ልጣጩና አመዱ ወደ ጕድጓድ፥ ትራፊው ወደ ተራበ አፍ፥ ጠርሙሱ መልሶ ወደ ሥራ ይሂድ። ስፍራ ያልተገኘለት ነገር ቢኖር፥ እርሱ መጀመሪያውኑ ወደ ቤት መግባት ያልነበረበት ነገር መሆኑን ይወቁ፤ በሚመጣውም ገበያ ከመግዛት ይቈጠቡ። ልጆች ይህን ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ይልቅ ከእናት ማድቤትና ከአባት ጓሮ አይተው ቢማሩት አይረሱትም። ዱሩም፥ ወንዙም፥ አፈሩም ሁሉ ቤታችን መሆኑን ያኔ ያውቁታል።